ቡፌያችን ላይ ያለው የብረት ውሻ

«ከጋራዡ ደጃፍ» የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ሲያሽከረክሩ ኖረው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ትተውልን ከሄዱት ዕቃ መካከል አንድ የብረት ውሻ አለ። አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ፣ ደረተ ሰፊ፣ በአንድ መዳፍ ላይ የሚቆም ነው። ልጆች ሳለን ቦታው ቡፌው ላይ፣ ከቡና ስኒዎቹ ጎን ነበር። እናቴ «የውሻ ምስል ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» እያሉ ሲያጉረመርሙ አባቴ «እንዳትነኩት፤ ከማክ ላይ የፈታሁት ነው» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይናገሩም። አሁን ቤቱን ስናድስ ወንድሜ «ተራ የመኪና ጌጥ ነው፤ ኒኬል ነው» ብሎ ለቆራሌው ሊሰጠው ሲል ከእጁ ቀማሁት። ማክ ምን ዓይነት መኪና ነው? ውሻውስ ለምን ተደረገበት? ልጣለው ወይስ ላስቀምጠው?

የአሽከርካሪው ልጅ

መልስ፦ ልጄ፣ መልሱን ከመጻፌ በፊት «ዕቃውን ይዘሽው ነይ» ብዬ የላክሁብሽ በምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በወሬ አይፈረድም፤ መያዝ፣ መገልበጥ፣ ፀሐይ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ባለፈው ቅዳሜ ከእናትሽ ጋር በነጠላ ጠቅልላችሁ አምጥታችሁት፣ ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ተቀምጠን ያየነውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ለሌላው አንባቢ ግን ከመጀመሪያው ልንገረው።

ውሻው ትንሽ ነው፤ ክብደቱ ግን ከመጠኑ ይበልጣል። የፊት እግሮቹን ለየት አድርጎ፣ ደረቱን ገፍቶ፣ አንድ ሰው ሊያልፍበት የመጣ ይመስል ፊት ለፊት ያያል። ግንባሩና ጀርባው ነጥቶ ግራጫ ብረት ሆኗል። ስንት ዓመት ፀሐይና አቧራ፣ ስንት ዓመት ደግሞ ጨርቅ ፈግፍጎታል። ምስሉን ባይወዱትም በየበዓሉ ዋዜማ በአመድና በሎሚ ያሹት የነበሩት እናትሽ መሆናቸውን ራሳቸው ነግረውኛል። ከላይ ብቻ ያየው ወንድምሽ «ኒኬል ነው» ቢል አይፈረድበትም። ገልብጠን ከሥሩ ስናየው ግን፣ በፊት እግሮቹ መካከልና ከአገጩ በታች፣ ጨርቅም ፀሐይም የማይደርስበት ስርጉድ ውስጥ ወርቃማ መልክ ቁጭ ብሏል። በጥፍሬ ጫፍ ፋቅ አደረግሁት፤ አልተላጠም። ቀለም ሳይሆን ልባጥ ነው። ያን ጊዜ እናትሽ ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርሽ። ማክ የአሜሪካ ከባድ መኪና ሠሪ ነው፤ ኩባንያው ይህን ውሻ ኮፈኑ ጫፍ ላይ ሲያቆም መልኩን እንዲሁ ደስ ስላለው አይመርጥም። ሞተሩንም፣ ካምቢዮውንም (የማርሽ ሣጥኑን)፣ አክሱሉንና ዲፈረንሻሉንም (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን) ራሱ የሠራቸው ከሆነ ውሻው ወርቃማ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ከሆነ ውሻው ክሮም፣ ማለትም የብር መልክ ያለው ይሆናል። ስለዚህ አባትሽ የፈቱት ውሻ ስለ መኪናው ይመሰክራል፤ ከሞተር እስከ ኋላ ጎማ የአንድ ቤት ሥራ ነበረ ማለት ነው። ወንድምሽ ጌጥ ያለው ነገር ማስረጃ ነው።

ይህ በሙያችን ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የከባድ መኪና ሠሪዎች ሞተሩን ከካሚንስ፣ ካምቢዮውን ከኢተን ገዝተው በራሳቸው ሻንሲና ጋቢና ላይ ይገጥማሉ። በዚህ መንገድ የሚሠራው መኪና መጥፎ ነው አልልም፤ መለዋወጫ ለማግኘት እንዲያውም ይቀላል። ነገር ግን ሞተሩን የሠራው ሰው ካምቢዮውንም አብሮ ሲያስብ፣ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ይግባባሉ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሞተር አውርጃለሁ፤ ይህን ልዩነት በእጄ አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ስሙ ልመለስ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ማክ የቤተሰብ ስም ነው። ከጀርመን ወደ አሜሪካ ከተሰደዱ ወላጆች በፔንሲልቬንያ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ጆን፣ ሰው ሁሉ ጃክ የሚለው፣ በ14 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ በበቅሎ የሚጎተት የጭነት ጋሪ መንዳት ጀመረ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። እኔም በዚያው ዕድሜ ነው ከባሕር ዳር ተነሥቼ ረዳት የሆንኩት። ዳገት ላይ መኪና ሲያቃስት ታኮ ይዤ ከኋላ ጎማው ጋር ሮጫለሁ። ጭነት ምን ማለት እንደሆነ ከእግሩ ጀምሮ ያወቀ ልጅ በኋላ መኪና ሲሠራ፣ መኪናው የሚያቃስትበትን ቦታ ያውቃል።

በ1893 ጃክና ወንድሙ ኦገስተስ ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ አንድ የሠረገላና የጋሪ መሥሪያ ገዙ። ዓመቱ ክፉ ነበር። አሜሪካ ከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ላይ ወደቀች፤ አዲስ ሠረገላ የሚያሠራ ጠፋ። ወንድማማቾቹ የሰው አሮጌ ጋሪ እየጠገኑ ኖሩ። ብዙ ሰው ይህን እንደ መከራ ዘመን ያልፈዋል። እኔ ግን የኩባንያው ትምህርት ቤት ይህ ነበር ባይ ነኝ። ሲሠራ የዋለ ሰው ዕቃ እንዴት እንደሚገጠም ያውቃል፤ ሲጠግን የዋለ ሰው ግን ዕቃ የት እንደሚሰበር ያውቃል።

ኩባንያው ልደቱን የሚቆጥረው ከ1900 ነው። የመጀመሪያ ሥራውም የጭነት መኪና ሳይሆን በብሩክሊኑ ፕሮስፔክት ፓርክ ጎብኚዎችን የሚያዞር አውቶቡስ ነበር። ያ አውቶቡስ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ወደ ጭነት መኪና ተለውጦ በድምሩ 17 ዓመት ሠርቷል ይባላል። በ1905 ሥራው ወደ ፔንሲልቬንያ፣ አለንታውን ከተማ ተዛወረ። ጃክንና ኦገስተስን ጨምሮ አምስት ወንድማማቾች በሥራው ገብተውበታል። መኪኖቹ መጀመሪያ «ማንሃተን» ነበር የሚባሉት፤ የቤተሰቡ ስም ኮፈኑ ላይ የወጣው ከ1910 ወዲህ ነው። በዚያው ዓመት መሰላል የተሸከመ ባለሞተር የእሳት አደጋ መኪና ለኒው ጀርሲዋ ሞሪስታውን ከተማ ሠርተዋል።

ውሻው እንግዲህ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1916 ኩባንያው ኤሲ የተባለውን መኪና አወጣ። የዚያ መኪና አፍንጫ እንደ ሌሎቹ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ድፍጥጥ ብሎ ወደ ፊት ያዘቀዝቃል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር። የእንግሊዝ ጦር ከ2,000 በላይ፣ የአሜሪካ ጦር ደግሞ ወደ 4,500 የሚሆኑ ኤሲዎችን ወሰዱ። ፈረንሳይ ውስጥ መንገድ የሚባል ነገር በመድፍ ተገልብጦ ጭቃ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሌላው መኪና ሲሰጥም ይህ እየተንደፋደፈ ይወጣ ነበር። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው የእንግሊዝ ወታደሮች ፊቱን አይተው፣ እልሁንም አይተው «ቡልዶግ» አሉት። ቡልዶግ የእነርሱ አገር ውሻ ነው፤ ከነከሰ አይለቅም። እንግሊዞች ራሳቸውን የሚመስሉበትም እንስሳ ስለሆነ ስሙ ከአፋቸው ሲወጣ የምስጋና ስም ነው።

እናትሽ ውሻን በክፉ ማየታቸው አያስገርመኝም። በእኛ አገር ሰውን ውሻ ማለት ስድብ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ሲሉ የውሻን ታማኝነት መስክረውለታል። ወታደሮቹም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ጭነቱን ጥሎ አይሄድም ነው ያሉት። ኩባንያውም ስሙን አልተጸየፈም። በ1922 ቡልዶግን የኩባንያው ምልክት አደረገው። ማስታወቂያ ሠሪ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያወጣው ስም አይደለም፤ በመኪናው የተገለገለ ሰው ያወጣለት ነው። የእኛም አሽከርካሪዎች ለመኪና ስም ሲያወጡ እንደዚሁ ነው፤ ከሠራው አገር የመጣውን ስም ትተው በጠባዩ ይጠሩታል።

በእጅሽ ያለው የቆመ ውሻ ደግሞ የራሱ ባለቤት አለው። አልፍሬድ ማሱሪ የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ነበር። በ1932 ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ እጁ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አቃተውና ቡልዶግ ቀረጸ። ያ ቅርጽ የፈጠራ መብት ተሰጥቶት በማክ ኮፈን ላይ ወጣ። ማሱሪ ግን ብዙ አላየውም። በሚያዝያ 1933 አክሮን የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግዙፍ የአየር መርከብ በኒው ጀርሲ ጠረፍ በማዕበል ተመትታ ባሕር ላይ ስትወድቅ ተሳፍሮ ነበር። ከ76 ሰዎች 73ቱ ሞቱ፤ ማሱሪም ከሟቾቹ አንዱ ሆነ። ቅርጹን በቀረጸ በዓመቱ መሆኑ ነው። እርሱ ካለፈ ዘጠና ዓመት አልፎም ውሻው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከቡና ስኒ ጎን ቆሞ ተገኘ።

ስለ አባትሽ መኪና ራሱ የማውቀውን ያህል ልበል። ዋርካው ሥር እናትሽን «ኮፈኑ እንዴት ነበር የሚከፈተው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ አንድ ጊዜ መኪናው ደጀን ላይ ቆሞ ምሳ ሊያደርሱላቸው ሄደው እንዳዩት ነገሩን። «አፉን ከፍቶ ወደ ፊት ተደፋ፤ ሳንኳኳው ደግሞ የብረት ድምፅ የለውም» አሉ። ይህ ለእኔ እንደ ሊብሬ ነው። ከ1953 እስከ 1966 የተሠራው ታዋቂው ቢ ማክ ኮፈኑ ክብ ላሜራ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ይከፈታል። በአንድነት ወደ ፊት የሚደፋ የፋይበር ግላስ ኮፈን ያለው ግን ከእርሱ በኋላ በ1960ዎቹ አጋማሽ የወጣው ነው። በዚያኛው ሞዴል ላይ የካሚንስ ሞተር የተገጠመለትም ነበር። የአባትሽ ውሻ ወርቃማ ስለሆነ ግን የእርሳቸው ሞተር የማክ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አባትሽ መኪናውን ለምን እንደወደዱት የሚገልጸው ይህ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን የናፍታ ሞተር ጉልበቱን የሚሰጠው በጠባብ የዙር ልክ ውስጥ ነበር፤ ዙር ስል ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን ማለቴ ነው። ዳገት ላይ ዙሩ ትንሽ ሲወርድ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ አሽከርካሪው አሥርም ከዚያ በላይም ማርሽ ያለው ካምቢዮ ይዞ ያለ ዕረፍት ይቀያይራል። ማክ በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ማክሲዳይን የተባለ ሞተር አወጣ። ከ1,200 እስከ 2,100 ዙር ባለው ሰፊ ልክ ውስጥ ጉልበቱ እምብዛም አይወርድም፤ 237 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከእርሱ ጋር አብሮ የታሰበው ካምቢዮ አምስት ማርሽ ብቻ ነበር። ከላይ ባልና ሚስት ያልኩት ይህንን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የመጣ ሰው የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደሽ ድልድዩን ትሻገሪያለሽ፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጪያለሽ። ረዳት ሳለሁ የነበርንበት ኤንትሬ፣ የጣሊያኑ ፊያት ከባድ መኪና፣ ያን ዳገት ሲወጣ፣ የአለቃዬ ቀኝ እጅ ከማርሹ ላይ አይነሣም ነበር። ደጀን ስንደርስ ጣቶቹን መዘርጋት ያቅተው ነበር፤ ሻይ ብርጭቆውን በግራ እጁ ነው የሚይዘው። አንድ አሽከርካሪ ያን ዳገት በጥቂት ማርሽ የሚወጣ መኪና ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው ለመገመት አይከብደኝም። መኪናው አርጅቶ ሲቆራረጥ፣ ከሁሉ ዕቃ መርጠው ይህቺን ብቻ ፈትተው ቢወስዱ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ልጄ፣ አትጣይው። አመዱና ሎሚውም ይቅር፤ የቀረችውን ልባጥ ይበላታል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃል። ከአባትሽ መንጃ ፈቃድ ጋር አንድ ላይ አስቀምጪው። አንድ ወረቀትም ጻፊ፤ ስማቸውን፣ ከየት እስከ የት ይመላለሱ እንደነበር፣ ከማን ጋር ይሠሩ እንደነበር እናትሽ እያሉ ጠይቀሽ ጻፊ። እናትሽ ስለ ኮፈኑ የተናገሩትንም እንዳትረሺ። እኔ ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ስላየሁ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለውን ውሻ አረንጓዴ የበር ቀለም ቀብተው በር እንዳይዘጋ መደገፊያ አድርገውት አይቻለሁ። የማን መኪና እንደነበር ስጠይቅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ከወረታ ነው። በከባድ መኪና ሥራ ላይ 30 ዓመት ቆይቻለሁ። ማክና ኢንተርናሽናል አንድ ኩባንያ ናቸው ወይስ ሁለት? የአንድ በጣም አሮጌ ማክ ፎቶግራፍ ላይ «ኢንተርናሽናል ሞተር ካምፓኒ» የሚል ጽሑፍ አይቼ ከጓደኞቼ ጋር ተከራከርን።

መልስ፦ ሁለት ናቸው። እርስዎ ግን ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ ጓደኞችዎም አልተሳሳቱም። ክርክሩን ያመጣው ስሙ ነው።

በ1911 ማክ ወንድማማቾች የስዊስ ሳውረርን መኪና አሜሪካ ውስጥ ከሚሠራው ድርጅት ጋር ተዋሐዱ። በዓመቱ ሂዊት የተባለው ሌላ ሠሪ ተጨመረ። የሦስቱ ጥላ የሆነው ድርጅት ስሙ «ኢንተርናሽናል ሞተር ካምፓኒ» ተባለ። ያ ያዩት ጽሑፍ የዚያ ዘመን ነው።

ሌላው ኢንተርናሽናል ፈጽሞ የተለየ ቤት ነው። በ1902 ማኮርሚክና ዲሪንግ የተባሉ የእህል ማጨጃ ማሽን ሠሪዎች ተዋሕደው «ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር»ን መሠረቱ። መነሻቸው እርሻ ነው፤ ማጨጃና ትራክተር። በ1907 ለገበሬ የምትሆን ጎማዋ ከፍ ያለ የጭነት መኪና አወጡ፤ ከዚያ በኋላ ከባድ መኪና ዋና ሥራቸው እየሆነ ሄደ። በ1980ዎቹ የእርሻውን ክፍል ሸጠው በ1986 ስማቸውን ናቪስታር አሉት። በ2024 ደግሞ ወደ ጥንቱ ስም ተመልሰው ኢንተርናሽናል ተባሉ።

ሁለት ኢንተርናሽናል በአንድ ገበያ ውስጥ ሰው ማደናገሩ አልቀረም። በ1922 የነውሻው ቤት ይህን ለማጥራት ስሙን «ማክ ትራክስ» ብሎ ቀየረ። የሚያሳዝነው ይህ ሲሆን ከማክ ወንድማማቾች ዋናው በቤቱ አልነበረም። ከውሕደቱ በኋላ ገንዘቡን የያዙት ሰዎች ሌላ ነበሩ፤ ጃክ ማክ በ1912 ከኩባንያው ወጥቷል። በ1924 መኪና እየነዳ ከትራም ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ከበቅሎ ጋሪ የጀመረ ሰው ፍጻሜው መሪ ላይ ሆነ። ስሙ በየመንገዱ ተጽፎ እርሱ ግን ከውጭ ሆኖ ያየው የነበረ መሆኑ ለእኔ ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የመካኒክነት ተማሪ ነኝ። መምህራችን «በድሮው ማክ ራዲያተሩ ከሞተሩ ኋላ ነበር፤ የኋላ ጎማውንም የሚያዞረው ካቴና ነበር» አሉን። እንደ ብስክሌት ማለት ነው? ከባድ መኪና በካቴና እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ መምህርህ ልክ ናቸው፤ የተናገሩት ስለ ኤሲ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነውና ነገሩን በእጅህ እንደያዝከው አድርገህ አስበው።

በዚያ ዘመን ጎማው በነፋስ የሚነፋ ሳይሆን ድፍን ላስቲክ ነበር። መንገዱ ሲያነጥር ምቱ በቀጥታ ወደ አክሱሉ ይገባል። የዲፈረንሻል ጥርስ ደግሞ እንደ ዛሬው በጥራት አይቆረጥም ነበር፤ በከባድ ጭነት ቶሎ ይሰበር ነበር። በኤሲ ላይ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ከሻንሲው ጋር መሐል ላይ ታስረው ይቀመጣሉ። ከዚያ በግራና በቀኝ የወጡት ሁለት የጥርስ ዘንጎች በሁለት ወፍራም ካቴናዎች የኋላ ጎማዎቹን ያዞራሉ። የኋላው አክሱል ሥራ መሸከም ብቻ ሆነ፤ ውስጡ የሚሰበር ጥርስ የለበትም። ዳገት የሚበዛበት አገር ከሆነ የፊቱን ጥርስ በትንሽ ቀይረህ ጉልበት ትጨምራለህ። ካቴናው ቢበጠስ ደግሞ መንገድ ዳር ቁጭ ብለህ ትቀጥለዋለህ። ጉድለቱ ድምፁና አቧራው ነው፤ አሸዋ የገባበት ካቴና ራሱን ይበላል።

ራዲያተሩን ከሞተሩ ኋላ ያደረጉትም በአሳብ ነው። የግንባታ ቦታ ላይ ከፊት የሚጋጭ፣ ድንጋይ የሚመታ መጀመሪያ ራዲያተሩን ነው የሚያገኘው። ኋላ ሲሆን ይተርፋል። ፊቱ ላይ ራዲያተር ስለሌለ ኮፈኑ እንደ ልቡ ማዘቅዘቅ ቻለ፤ እንግሊዞቹን ውሻ ያሰኛቸው ያ ፊት የመጣው ከዚህ ነው። ውበት ፈልገው አይደለም የሠሩት፤ ራዲያተር ሊያድኑ ብለው ነው። ሻንሲውም በእሳት የታከመ የክሮም ኒኬል ብረት ነበር።

ይህ መኪና እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ድረስ ተሠራ፤ ከ40,000 በላይ ወጥቷል። ከ20 ዓመት በላይ በአንድ መልክ የቆየ ከባድ መኪና ብዙ የለም። በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የሁቨር ግድብ በ1930ዎቹ ሲሠራ ድንጋይ ካመላለሱት አንዱ እርሱ ነው። ወደ ሥራ ስትገባ ደግሞ ይህን ልብ በል፤ ማክ የአየርና የዘይት ማጣሪያን በጭነት መኪና ላይ ቀድመው ከተጠቀሙ ኩባንያዎች አንዱ ነው። በ1938 ደግሞ የራሱን የናፍታ ሞተር መሥራት ጀመረ። ዛሬ ፊልትሮ ሳትቀይር ሞተር ብትገድል አንተን እንጂ ሞተሩን አልወቅስም።

ጥያቄ፦ ማክ አሁንም የአሜሪካ ነው? ከዳንግላ።

መልስ፦ የሚሠራው አሜሪካ ነው፤ ባለቤቱ ግን አውሮፓዊ ነው። የፈረንሳዩ ሬኖ ከ1979 ጀምሮ ድርሻ እየገዛ በ1990 ሙሉ በሙሉ ያዘው። በ2001 መጀመሪያ ከሬኖ የጭነት መኪና ክፍል ጋር ወደ ስዊድኑ ቮልቮ ተላለፈ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በ2009 ከአለንታውን ወደ ሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ሄዷል። መኪናው ግን ዛሬም ከአለንታውን ብዙ በማትርቀው ማኩንጂ ይገጣጠማል። ቀደም ሲል የጠቀስኩት ኢንተርናሽናልም በ2021 የጀርመኑ ቮልስዋገን ቤተሰብ በሆነው ትራቶን እጅ ገብቷል።

ከመሰነባበቴ በፊት አንድ ልመና አለኝ። በባሕር ዳር፣ በወረታ፣ በዳንግላ ወይም በጎንደር መንገድ በአንድ ግቢ ውስጥ ቆሞ የቀረ ማክ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ብረቱ ሳይቆረጥ በፊት የሻንሲ ቁጥሩንና ጋቢናው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ በፎቶግራፍ አንሥቶ ይላክልኝ። ኮፈኑ ላይ ውሻው ካለም በሆዱ በኩል ያንሣልኝ።